ሎጂክም ገበያ ይውጣ

የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ይፋ በሆነ ቁጥር ከየክልሉ የተመደቡ ወጣቶች ሻንጣቸውን ሸክፈው የሞያሌን መንገድ ይይዛሉ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከሚጠብቋቸው የፍሬሽማን ኮርሶች አንዱ “ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ” ይባላል። ተማሪው አሳጥሮ “ሎጂክ” ይለዋል። ባለ 3 ክሬዲት ነው፤ ሕክምና የሚያልመውም፣ ኢንጂነሪንግ የሚመኘውም፣ ሕግ ለመግባት ያሰበውም ይወስደዋል። “ይሄ ምን ይጠቅመኛል?” የሚለው ጥያቄም እንደ ኮርሱ የጋራ ነው።

ጥያቄው ስንፍና አይደለም። መልስ የሚያገኘው ግን ኮርሱ በሚሰጥበት መንገድ ነው። ዲላ ላይ የሚሰጠው ሎጂክ ዲላን የማያውቅ ከሆነ ተማሪው ቢሰለች አይፈረድበትም።

ፍሬሽማን ራሱ ሄዶ የተመለሰ ዓመት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ሲወርድ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መሰናዶ ቦታውን ወሰደ። የትምህርት ፍኖተ ካርታው ከተጠና በኋላ በ2012 የትምህርት ዘመን ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ሎጂክም ከጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ከአንትሮፖሎጂና ከመሰሎቻቸው ጋር ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የጋራ ኮርስ ሆኖ አንድ ዓይነት ሞጁል ተዘጋጀለት። የሞጁሉ አካሄድ አሜሪካዊው ፓትሪክ ሀርሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተሙትንና በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን መማሪያ መጽሐፍ የተከተለ ነው። መነሻ ሐሳብን ከመደምደሚያ መለየት፣ የትርጉም አሰጣጥ፣ የሂሳዊ አስተሳሰብ መለኪያዎች፣ ከዚያም ከሁሉ በላይ ተማሪው የሚያስታውሰው ምዕራፍ፦ ፋላሲ፣ ማለትም የክርክር ስህተት።

ችግሩ የሚጎላው እዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። “አድ ሆሚነም”፣ “ስትሮ ማን”፣ “ሬድ ሄሪንግ”፣ “ስሊፐሪ ስሎፕ” እያለ ዝርዝሩ ከ20 ይበልጣል። ተማሪው ስሞቹን ከነምሳሌያቸው ይቸክላል፤ ለሚድ ይደርሳል፣ ለፋይናል ይከልሳል። ሄሪንግ ዓሣ ይሁን ወፍ ሳይለይ ግን “ሬድ ሄሪንግ” የሚለውን ምርጫ በትክክል ይከብባል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ያው ልጅ ዶርም ውስጥ ስለ ምርጫ፣ ስለ ኳስ ወይም ስለ ኑሮ ውድነት ሲከራከር የተማረው አንዱም ትዝ አይለውም።

የሚገርመው፣ ከመደበኛው ምልክታዊ ሎጂክ የተለየው ይህ የዕለት ተዕለት ክርክር ሎጂክ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት መሰላቸት ነው። አሜሪካዊው የሎጂክ መምህር ሃዋርድ ካሄን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሌዳ ሙሉ ምልክት ሲያስተምሩ አንድ ተማሪ ተማርሮ፣ ይህ ሁሉ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የቬትናምን ጦርነት ለማስፋፋት ከወሰኑት ውሳኔ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቃቸው። ካሄን በጥያቄው አልተቆጡም። እ.ኤ.አ. በ1971 ምሳሌዎቹን ከጋዜጣ፣ ከማስታወቂያና ከፖለቲከኞች ንግግር የለቀመ መማሪያ መጽሐፍ አወጡ። ተከትለዋቸው የካናዳዎቹ ራልፍ ጆንሰንና አንቶኒ ብሌር እ.ኤ.አ. በ1978 በዊንዘር ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የመጀመሪያ የሆነውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠሩ። እንግዲህ ትምህርቱ ከመነሻው ተማሪው ከሚኖርበት ዓለም ምሳሌ ካልተወሰደ ሕይወት የለውም ብሎ የተነሳ ነው። እዚህ ሲደርስ ግን የሌላ አገር ተማሪ የሚያውቃቸው ምሳሌዎች አብረውት መጡ፤ በአንዳንዱ ዓረፍተ ነገር “ጆን” ወጥቶ “አበበ” ቢገባም ነገሩ ያው የሰው አገር ነገር ነው።

ዲላ ባለችበት በጌዴኦ ዞን ውስጥ ደግሞ ምሳሌ አይጠፋም። ከቡና እንጀምር።

አንድ የወናጎ ወይም የኮቸሬ ቀበሌ ስብሰባ እናስብ። ባለሙያው ይነሳና፣ “ባለፈው ዓመት ለገበሬው የለቀማና የአደራረቅ ሥልጠና ሰጠን፤ በ2017 የእሸት ቡና ዋጋ ጨመረ፤ ሥልጠናችን ፍሬ አፈራ” ይላል። ጭብጨባ ይከተላል። የሎጂክ ተማሪ ሥራ የሚጀምረው ጭብጨባው ሲያበቃ ነው። በአመክንዮው ውስጥ ያሉት መነሻዎች ሁለት ናቸው፤ ሥልጠና ነበረ፣ ዋጋ ጨመረ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁለቱ ተነስቶ “በሥልጠናው ምክንያት” ለማለት ግን አንደኛው ሌላውን መቅደሙ አይበቃም። በዚያው ጊዜ ሌላ ምን ሆነ? የብራዚል ቡና አብቃይ አካባቢዎች በድርቅ ተመትተው ነበር። የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ለ47 ዓመታት ሳይደፈር የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በየካቲት አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ። እዚህ አገር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላኪው በዶላር የሚሸጠው ቡና በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚያብጥ ለማወቅ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ታዲያ ሥልጠናው ከንቱ ነው ማለት ነው? ይህም ችኩል መደምደሚያ ነው። ሥልጠናው የቡናውን ጥራት አሻሽሎ ሊሆን ይችላል፤ ለማወቅ ሥልጠና ያላገኘው የጎረቤት ቀበሌ በስንት እንደሸጠ መጠየቅ ነው። የእነሱም ዋጋ እኩል ከጨመረ ምስጋናው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የሰለጠኑት በልጠው ከሸጡ ባለሙያው የሚናገረው ነገር አለው ማለት ነው። ዋጋ ሲወድቅም “ነጋዴው በላን” ከማለት በፊት ይኸው ጥያቄ ይሠራል። ተማሪው “ፎልስ ኮዝ” የሚለውን ስም ቢረሳ እንኳ የጎረቤት ቀበሌን መጠየቅ እንዳለበት ካልረሳ ኮርሱን አልፏል።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ስህተት የሚለቀምበት ሳይሆን ሁለት ጠንካራ ወገኖች የሚመዘኑበት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም ከንግድ ምልክት ይልቅ የመልክዓ ምድር ማረጋገጫ ለገበሬው ይሻላል ሲል ተከራከረ፤ የቦታ ስም የጋራ እንጂ የአንድ ባለቤት ሊሆን አይገባም የሚል አሳብም በመሃል ነበረ። የኢትዮጵያ ወገን በበኩሉ፣ የማረጋገጫው መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠር አነስተኛ ገበሬ ባለበት አገር ቁጥጥሩ ከባድና ውድ ነው፣ ስሙን የያዘ ደግሞ የመደራደር አቅም ያገኛል አለ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ። ይህን ክርክር ይዞ ክፍል የገባ መምህር ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍሎ፣ መሃል ላይ ደግሞ ወገን አስቀይሮ ቢያሟግታቸው ከሃያ ገጽ ሀንድአውት የበለጠ ይማራሉ። ግማሾቹ ቡና ለቅመው ያደጉ ከሆነ ደግሞ መምህሩም ይማራል።

ሦስተኛው ከትምህርት ዓለም ራሱ ይመጣል። ተመራማሪው ታደሰ ኪፔ እ.ኤ.አ. በ2002 በሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ “የአምስት ሺህ ዓመታት ዘላቂነት?” የሚል ነው። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። እንሰትን ከቡናና ከአገር በቀል ዛፍ አዋህዶ ተዳፋት መሬት ላይ የሚያኖረው የጌዴኦ አስተራረስ በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎች በኩራት ተናገሩ፤ ይገባቸዋልም። “ከጥንት የመጣ ነው፤ ስለዚህ ምንም መነካት የለበትም” የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሕዝብ በበዛበት፣ የቤተሰብ ይዞታ ከልጅ ልጅ እየተቆራረሰ በሚሄድበት ዞን የትናንቱ አሠራር ነገ ይቀጥላል ወይ የሚለው መረጃ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው። የጌዴኦን ሥርዓት አክብሮ በሙያው ያጠናው ሰው የጥያቄ ምልክቱን በቦታው ካኖረው፣ ሌላውም ለማጥፋት ባይቸኩል ጥሩ ነው።

“ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ የእኛ ሰው በስሜት ነው የሚነዳው” የሚሉ አሉ። አይደለም። በጌዴኦ የአገር ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ከሳሽንም ተከሳሽንም አዳምጠው ነገር ይዳኛሉ። በሰሜኑም ተሟጋቾች በሬ፣ ፈረስ ወይም ማር እያስያዙ በ“ተጠየቅ” ይፋለሙ ነበር፤ ያልመለሰ ይረታል። አሪስቶትል 13 የክርክር ስህተቶችን በግሪክ ቢዘረዝር፣ እዚህም ነገር አዋቂ ማለት የባላንጣውን ቃል ሳያዛባ ይዞ ክፍተቱን የሚያገኝ ማለት ነበር። አንድ የሶንጎ ሽማግሌ የክብር እንግዳ ሆነው አንድ ሰዓት ክፍል ቢገቡ፣ ሁለት ወገን እንዴት እንደሚደመጥ ከእሳቸው የተሻለ የሚያስረዳ አይገኝም።

ጉዳዩ የጂፒኤ ብቻ ያልሆነበት ምክንያትም አለ። በአገሪቱ በብዛት የሚሰማው የክርክር ስህተት ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መያዝ ነው። “የየት ልጅ ነው?”፣ “ማን ልኮት ነው?”፣ “ያኔ የት ነበርክ?” ከተባለ የተናገረው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት ሳይመረመር ይቀራል። ከዚህ የባሰው የአንድን ሰው ድርጊት የሕዝብ ሁሉ ጠባይ አድርጎ መቁጠር ነው። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ገደብን የመሳሰሉ ከተሞች ከአቅማቸው በላይ ተፈናቃይ አስተናግደዋል። የዚያ መከራ መንስኤ ብዙ ነው፤ የሎጂክ ኮርስ ያስቀረው ነበር ማለት ራሱ ፋላሲ ይሆናል። “እነሱ እኮ ሁሉም እንዲህ ናቸው” ሲባል ከመድገሙ በፊት “ስንቱን አይተህ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ግን ለዲላም ለምዕራብ ጉጂዋ ቡሌ ሆራም ያስፈልጋል። ከየክልሉ የመጡ ልጆች አንድ ዶርም በሚጋሩበት ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ መለማመጃው ቦታ ክፍል ነው።

መምህራኑም ምክንያት አላቸው። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ሞጁሉ አገር አቀፍ ነው፤ ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የብዙ መቶ ተማሪ ጽሑፍ ከማረም ምርጫ ማረም ይቀላል። ይህ እውነት ነው። ሞጁሉ ግን ምዕራፉን እንጂ ምሳሌውን አላሰረም። መምህሩ “ሪሌቫንስ”ን በእንግሊዝኛ ካስረዳ በኋላ ተማሪው በአማርኛ ወይም በጌዴኡፋ የሰማውን ክርክር አምጥቶ እንዳይበትነው የሚከለክል ሕግ የለም። እንዲያውም ሰው የሚታለለውም የሚያታልለውም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለሆነ፣ ስህተቱን በዚያው ቋንቋ መያዝ ካልቻለ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ስሞቹን ብቻ የያዘ ተማሪ አደገኛ ተከራካሪ ይሆናል፤ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር “ፋላሲ!” እያለ የሚያሸማቅቅ። የክርክሩ መበላሸት መደምደሚያውን ሐሰት አያደርገውም። “ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ አያቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር” ያለች እናት ምክንያቷ ደካማ ቢሆንም ምክሯ ትክክል ነው። የሚገባው መልስ የተሻለውን ምክንያት መጨመር ነው።

ስለዚህ በዲላም ሆነ በሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሎጂክ የሚያስተምሩ ክፍሎች በሚቀጥለው ሴሚስተር ሦስት ነገር ይሞክሩ። ተማሪው በየሳምንቱ ከገበያ፣ ከሬዲዮ፣ ከስብሰባ ወይም ከስልኩ አንድ እውነተኛ ክርክር ይዞ ይምጣ፤ መነሻውንና መደምደሚያውን ለይቶ ያቅርብ። ከምዘናው ቢያንስ አንዱ፣ ተማሪው የማይስማማበትን አቋም ባለቤቱ “አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው” እስኪል ድረስ አስተካክሎ የሚያቀርብበት የቃል ፈተና ይሁን። የፋላሲ ስም ማዛመድ ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ደግሞ ይቅር። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የመምህሩ ፈቃድና የትምህርት ክፍሉ ይሁንታ ይበቃል።