ቁልፍ ይዞ ደጅ መጥናት

የጓደኛችን እንጀራ ጥልፍ ነው። መርፌና ክር ግን አይነካም፤ የሐበሻ ቀሚስ መስቀልና ሐረግ በኮምፒውተር ይነድፋል፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይጠልፋል። የሚነድፍበት ሶፍትዌር በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ሲገዛው አብራው ፍላሽ የምትመስል ነገር መጥታለች። ዶንግል ትባላለች። እሷን ካልሰኩ ሶፍትዌሩ አይከፈትም። (ሲገዛው ብለናል። ከመካከላችን ሶፍትዌር በገንዘቡ ገዝቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ እኛ እንኳ ይህን የምንጽፍበትን ባናወራው ይሻላል።)

በቅርቡ እህቱ ከአሜሪካ አዲስ ማክቡክ ላከችለት። «ሶፍትዌሬስ?» ሲለን «ምን ችግር አለው? ፓራለልስ ትጭናለህ፣ ዊንዶውስን ማኩ ውስጥ ታስገባለህ፣ አለቀ» አልነው። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በከፊል ከኀፍረት ነው። ዊንዶውሱ ገባ፤ ሶፍትዌሩም ያለ ችግር ተጫነ። ዶንግሏ ስትሰካ ግን የመጣው «ቁልፉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ብቻ ነበር። ለጥምቀት የታዘዘው ሥራ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ምክራችን ከዓመታት በፊት ቢሆን ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ማኮች በኢንቴል ፕሮሰሰር ሲሠሩ ዊንዶውስ እዚያ ላይ እንደ ቤቱ ነበር። በኅዳር 2020 ግን አፕል ኤም 1 የሚባለውን የራሱን ቺፕ ይዞ መጣ። ይህ ቺፕ የሚናገረው የአርም ቋንቋ ነው። ስለዚህ በአዲሶቹ ማኮች ላይ በፓራለልስ በደንብ የሚሄደው ለአርም የተሠራው ዊንዶውስ ነው። እሱ ደግሞ ለኢንቴል የተጻፉ ፕሮግራሞችን እየተረጎመ ያስኬዳል፤ የጓደኛችን ሶፍትዌር የተጫነው ለዚህ ነው። ድራይቨርን ግን አይተረጉምም። ድራይቨር የሲስተሙ አንጀት ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ ለአርም ተብሎ መጻፍ አለበት። የአሮጌ ዶንግሎች ድራይቨር ለአርም ካልተጻፈ ዊንዶውሱ ቁልፏን እያያት አያውቃትም። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ድራይቨር ብቻ የሚሠሩ አዳዲስ ዶንግሎች አሉ፤ እነሱ የተሻለ ዕድል አላቸው። የእሱ ከነዚያ አይደለችም።

መላ አልጠፋም፤ ግን ሁሉም ግማሽ መላ ነው። ፓራለልስ በ2025 መጀመሪያ ላይ የኢንቴሉን ዊንዶውስ ጭምር የሚያስመስል የሙከራ ስሪት አውጥቶ ነበር። ለመነሳት ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር፤ ዩኤስቢም አይቀበልም። ዶንግል ላለው ሰው ይህ ቀልድ ነው። የኔትወርክ ዓይነት ዶንግል ያለው ሰው አሮጌ ፒሲ ላይ ሰክቶ ከማኩ በኔትወርክ ሊጠራት ይችል ይሆናል። የቀረው ፒሲውን በሪሞት መክፈት ነው፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ደግሞ በሪሞት የገባን ሰው አላስተናግድም ይላል።

እኛን ያናደደን ግን ቴክኒኩ አይደለም። ክራክ የተደረገ ቅጂ ዶንግል አይጠይቅም፤ ዶንግል ካልጠየቀ ድራይቨርም አያስፈልገውም። ስለዚህ የሰረቀው ሰው አዲሱ ማክ ላይ ሲሠራ የከፈለው ሰው ደጅ ይቀራል። ዶንግል የተሠራው ሌባን ለማገድ ነበር። አሁን የሚያግደው ማንን ነው?

ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎችም ይበላሉ፤ ይህን አንክድም። ቁልፍ ማበጀት መብታቸው ነው። ነገር ግን ጓደኛችን ለሻጩ ሲጽፍ የተሰጠው መልስ «አዲሱን ስሪት ግዛ» የሚል ነበር፤ በዶላር። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበትን መጠባበቂያ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ለሶፍትዌሩ መጠባበቂያ አለው፤ ለቁልፉ ግን የለም። እኛ የምንለው ቀላል ነው፦ ዶንግል የሸጠ ድርጅት ወይ የአርም ድራይቨር ይጻፍ፣ ወይ አሮጌዋን ቁልፍ ተቀብሎ በኢንተርኔት በሚሰጥ ፈቃድ ይለውጥ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ደንበኛው የገዛው ፕላስቲክ አይደለም፤ የመሥራት መብት ነው።

«የኢንቴል ማክ ልፈልግ?» ብሎንም ነበር። አፕል በ2025 ያወጣው ማክ ኦኤስ ታሆ የኢንቴል ማኮችን የሚደግፍ የመጨረሻው ስሪት መሆኑን ራሱ ስለተናገረ አትግዛ አልነው። (በዚህኛው ምክራችን እንኳ አላፈርንም።)

ለጓደኛችን ክራኩን ፍላሽ ላይ ጭኖ ያቀረበለት ሰው ነበር። ለሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያ ለአክስቱ ልጅ ሊሰጠው የነበረውን አሮጌ ፒሲ ከሳጥኑ አውጥቶ አቧራውን ጠረገው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ መስቀሎቹ ግን ለጥምቀት ደርሰዋል። ማክቡኩ ላይ ፊልም ያያል።