ሌባውን ፈርቶ ጎማውን!

ርዕሰ አንቀጽ

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገራችን ሰው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ይህን ተረት አሻሽሎ መመሪያ ካደረገው ዓመታት ተቆጠሩ። ሌባው ሞተር ሳይክል ላይ ቢቀመጥ ሞተር ሳይክሉ ይታገዳል። አጥፊው ባጃጅ ቢነዳ ባጃጁ ይታገዳል። ሌባውስ? ሌባውማ በእግሩም ይሄዳል፣ በታክሲም ይሳፈራል፣ ሲያሰኘውም ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ዛሬ ይህን ጉዳይ ያነሳነው የሞተርና የባጃጅ ፍቅር ይዞን አይደለም። እገዳው ሲታቀድ አስፋልቱ እየታየ፣ ሲያርፍ ግን አስፋልት በማያውቀው ኮረኮንች ላይ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ለዚህ ደግሞ ከጉለሌ የተሻለ ምስክር አያሻም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ መባቻ ላይ በጊዜው ምክትል ከንቲባ በነበሩት በኢንጂነር ታከለ ኡማ የሚመራው አስተዳደር በከተማዪቱ ሞተር ሳይክል ማሽከርከርን ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ወንጀል ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ምክንያቱ ከባዶ ሜዳ የተፈጠረ አልነበረም። ሁለት ሆነው በሞተር ይመጣሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው እጁን ይዘረጋና ስልክ ወይም ቦርሳ መንጭቆ ይሄዳል። ይህ የደረሰበት ሰው ባዶ መዳፉን ጆሮው ላይ እንደያዘ መንገድ መሃል ቆሞ ይቀራል። ፖሊስም በእግሩ ሮጦ አይደርስባቸውም። ችግሩ አልነበረም የሚል ሰው ካለ አዲስ አበባን የማያውቅ ነው።

ግን እስቲ እንጠይቅ። በሚኒባስ ውስጥ ኪስ አውላቂ በዛ ተብሎ ሚኒባስ ሲታገድ ማን አይቷል? በቪኤይት ተንፈላስሶ የሕዝብ ገንዘብ የሚዘርፍ ሹም አለ ተብሎስ ቪኤይት ታግዶ ያውቃል? አይታገድም። ባለ ቪኤይቱ ተሰብስቦ የሚያግደው ክፍል አባል ነዋ! ሞተሩ ላይ ግን መሬት ላይ ያለ የወጣት ንብረት፣ በእቁብና በብድር የተገዛ እንጀራ ስለሆነ እጅ ይፈጥናል።

ሞተሩ ከታገደ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ፈቃድ ላለው ወደሚል አሠራር ዞረ። ፈቃድ ማለት ደግሞ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢያችን አይጠፋውም። ድርጅት የሆነ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ ደጅ የሚጠናለት ሠራተኛ ያለው ያገኘዋል። አንድ ሞተር ብቻ ያለው የጉለሌ ልጅ ግን ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት መስኮት ይንከራተታል። ውጤቱን ማየት የፈለገ ማታ ማታ ቦሌ ይውረድ። የምግብ ሳጥን ከኋላቸው ያሰሩ ሞተሮች ፒሳና በርገር ይዘው ሲከንፉ ያያል። እሰየው ነው፤ ሠርተው ይብሉ። ግን ፒሳን ትኩሱን ማድረስ ለሚችል ጎማ መላ የተገኘለት ከተማ፣ በሽተኛን ከዳገት ለሚያወርድ ጎማ መላ እንዴት ይጠፋዋል?

ቀጥሎ ተራው የባጃጅ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ ገደማ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች በከተማው ውስጥ ላልተወሰነ ጊዜ ሥራ እንዲያቆሙ ታዘዘ። በአንድ ቀን ትእዛዝ! ማታ ሠርቶ የገባ ሾፌር ጠዋት ሥራ ፈት ሆኖ ተነሳ። ኋላ ላይ ባጃጆቹ ከዋና መንገድ ርቀው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሥሩ ተብሎ ተመለሱ። ይህ የኋለኛው ሐሳብ እኮ በመጀመሪያው ቀን ሊታሰብ ይችል ነበር! ባጃጅ ቀለበት መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጋር ይጋፋ የሚል ጤነኛ ሰው የለም፤ እኛም አንልም። የእኛ ጥያቄ ስለ ውስጡ መንገድ ነው።

ውስጡ መንገድ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ሹማምንት እናስረዳ። ከሽሮሜዳ ገበያ ወደ እንጦጦ የሚወጣው አስፋልት ያማረ ነው። ጎብኚ ይወጣበታል፣ ማለዳ ሯጭ ይወጣበታል፣ እናንተም ትወጡበታላችሁ። ከዚያ አስፋልት ግን አንድ ቀን መኪናችሁን አቁማችሁ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ታጠፉ። ብዙም ሳትርቁ ኮብልስቶኑ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይና አፈር ነው። በበጋ አቧራው ዓይን ያጠፋል፤ በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ቦይ አድርጎት ያድራል። ሚኒባስ አይወጣውም። ቢችልም ባለንብረቱ ለፍሪሲዮኑና ለጎማው ስለሚሳሳ እምቢ ይላል። የአንበሳ አውቶቡስ ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። እዚያ ዳገት ላይ የሚንቀሳቀሰው የሰው እግር፣ አህያ፣ እንግዲህ ከተፈቀደለትም ባጃጅና ሞተር ነው።

እዚያ የሚኖረውስ ማነው? የሽሮሜዳው ሸማኔ አለ፤ ጥበብ የምትለብሱለት፣ በየበዓሉ የምታመሰግኑት። የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ አለች። ጀበናና ምጣድ ጀርባ ላይ አዝሎ ጭቃ ዳገት መውረድ ምን እንደሆነ እሷን ጠይቁ። አንዴ እግር ከዳ ማለት የሳምንት ድካም ተሰበረ ማለት ነው። ባጃጅ ካለ ግን ሸክላው ገለባ ተጎዝጉዞለት፣ እሷም ከጎኑ ተቀምጣ ገበያ ትደርሳለች። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም አሉ። አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ሲወርዱ አንደኛው ምክንያት የማገዶ እጦት ነበር ይባላል። ባሕር ዛፉ ከገባ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እንጨቱ ግን ዛሬም በሴት ጀርባ ይወርዳል። ከተማው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ሠራ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አመጣ፣ እነዚህ እናቶች ግን ጎማ እንኳ አልደረሳቸውም።

የጳውሎስ ሆስፒታል ያለው በዚሁ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። በካርታ ለሚያይ ሰው ቅርብ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ግን ካርታ ላይ አትሄድም። ከሆስፒታሉ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ያለው መንገድ አይደለም የሚያስጨንቃት፤ ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ያለችው ያቺ ቁራጭ ዳገት ናት። አምቡላንስ ቢመጣ እንኳ የሚቆመው መንገዱ ባለቀበት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ባልና ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክመው ያወርዷታል። የሰፈሩ ባለ ባጃጅ «ብያዝ ማን ያስፈታኛል?» ብሎ በሩን ዘግቶ ከተኛ እናንተ በምን ትፈርዱበታላችሁ?

ከዚያው ዳገት በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አለ። ፓርኩን አንጠላም። አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ጤና ነው። ገንዘብ ያለው እዚያ ፈረስ ይጋልባል፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሸለቆ ይሻገራል። ለመዝናናት ዳገቱን የሚሻገርበት መላ ተበጅቶለታል። ለመኖር የሚሻገረው ግን መመሪያ ይጠብቀዋል።

ባጃጅና ሞተር ላይ ደንብ አይኑር የሚል አቋም እንደሌለን ይታወቅልን። ጫት እየቃመ፣ በሦስት ሰው ወንበር ስድስት ጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሾፌር አለ። ዋጋ እንደ ፊታችን እያየ የሚጠራም አለ። ይህ መቀጣት አለበት። የሚቀጣው ግን ያጠፋው ነው፤ በሠሌዳው ቁጥር፣ በመንጃ ፈቃዱ፣ በስሙ። ጥፋት ያልተገኘበትን ጎረቤቱን አብሮ ማሰር ቅጣት አይባልም፣ የጅምላ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጅምላ ክልከላ ባለበት ሁሉ የችርቻሮ ድርድር መኖሩ ነው። መንገዱ ዝግ ነው ከተባለ አንድ ሰው መክፈቻውን ይሸጣል። ማን እንደሚሸጥ ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ እኛ ስም አንጠራም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመዘዋወርን ነፃነት፣ በአንቀጽ 41 መተዳደሪያን የመምረጥ መብት ጽፏል። ወረቀት ነው እንበለው፤ ለምደነዋል። ነገር ግን ይኸው መንግሥት ራሱ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1183 የሚባል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አውጥቷል። ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆኑ የከተማ አስተዳደሮችን ይጨምራል። መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ ይፋ አድርጎ አስተያየት መቀበል አለበት ይላል፤ ቅር የተሰኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ይላል። የሞተሩ ክልከላ ከዚህ አዋጅ በፊት የወጣ ነው፤ ይሁን። የባጃጁ እገዳ ግን ከአዋጁ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው የመጣው። ታዲያ ረቂቁ የት ተለጠፈ? የሽሮሜዳ ሰው መቼ ተጠርቶ ተጠየቀ? የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ሐሳቧን የሰጠችው ለማን ነው?

በአሜሪካ ቨርሞንት የሚባል ተራራማ ግዛት አለ። እዚያ አራት ጎማ ያለው የአገር አቋራጭ ሞተር ባብዛኛው ለመዝናኛ ነው የሚነዳው። አቧራ ያነሳል፣ ይጮኻል፣ ነዋሪውም ያማርራል። የመንደር መንገድ ለነዚህ ሞተሮች በመሠረቱ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው የመንደሩ ሰዎች የመረጡት ቦርድ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ሰዉ አዳራሽ ይገባል፣ ይህ የጠጠር መንገድ ይከፈት፣ ያኛው ይዘጋ እያለ ይከራከራል። ለጨዋታ ዕቃ ይህን ያህል ይጨቃጨቃሉ! እኛ ዘንድ ጎማው የሆስፒታልና የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ ሳለ አንድ ደብዳቤ ይጨርሰዋል።

አፍሪካ ውስጥም ቢሆን ምሳሌ አይጠፋም። የሌጎስ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ኦካዳ የሚሏቸውን የኪራይ ሞተሮችና ባለ ሦስት እግሮቹን በብዙ ወረዳዎች አገደ። በማግሥቱ ሕዝቡ ድልድይ ሙሉ በእግሩ ሲተም ዓለም በፎቶግራፍ አየው። ኪጋሊ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዳለች። የሞተር ታክሲ ነጂው ቁጥር ያለበት ሰደርያ ይለብሳል፣ ለተሳፋሪው የራስ ቁር ያቀርባል። ቢሰርቅ ወይም ቢያጠፋ ቁጥሩ ይጠራል። ሩዋንዳን ለማመስገን ብለን አይደለም፤ እኛም ሠሌዳ መለጠፍ አያቅተንም ለማለት ነው።

እንግዲህ ለአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮና ለጉለሌ ክፍለ ከተማ አስተዳደር የምንለው ይህ ነው። የአስፋልቱን ደንብና የኮረኮንቹን ደንብ ለዩ። ሚኒባስና አውቶቡስ በማይደርስበት መንደር ባጃጅ በታወቀ መስመር፣ በታወቀ ዋጋ፣ ከሩቅ በሚነበብ ቁጥር ይሥራ፤ ሕመምተኛና ወላድ ለጫነ ደግሞ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ ሆስፒታል በር ድረስ መግባት በማያሻማ ቃል ይፈቀድለት። አንድ ሞተር ብቻ ላለው ሰው የፈቃድ መንገድ ይከፈት፤ ድርጅት አቋቁም አይባል። በሥራ ላይ ያለው መመሪያ፣ ምን እንደሚከለክልና ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ በየወረዳው ግቢ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ሾፌሩ ሕጉን ከሚያስቆመው ሰው አፍ መማር የለበትም።

ሌላ እገዳ ከታሰበ ደግሞ አስቀድሞ ስብሰባ ይጠራ። በሥራ ቀን አይሁን፤ ሸማኔውም ሾፌሩም የዕለት ጉርሱን ጥሎ አይመጣምና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደረግ። ቦታውም የክፍለ ከተማው አዳራሽ አይሁን። ኮብልስቶኑ ባለቀበት፣ ዳገቱ ላይ ካሉት መንደሮች በአንዱ ይሁን። ሹማምንቱ እስከ አስፋልቱ ጫፍ በመኪናቸው ይምጡ፤ የቀረችውን በእግራቸው ይውጧት።