ኦም በደብተር ብቻ አይቅር

ከሆሳዕና ዱራሜ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ውስጥ ባሱ ሲደልቅ እንሰማለን። ለመሆኑ ስፒከሩ እንዴት እንደሚታሰር እናውቃለን? አምፕሊፋየሩ የሚችለው ከ4 ኦም ጀምሮ ከሆነ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩበት 2 ኦም ይሆናሉ፤ ከአቅሙ በላይ ከረንት ይሰጣል፣ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በተከታታይ ቢታሰሩ 8 ኦም ናቸው፤ ድምፁ ቀነስ ቢልም ዕቃው ይድናል። አራት ከሆኑ ደግሞ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ብናስር ልክ 4 ኦም እናገኛለን።

እኛ ዕጩ መምህራን ቀመሩን ለፈተና ሸምድደነዋል፤ ሽቦ ይዘን ግን ስንቶቻችን ሞክረነዋል? ነገ ገጠር ስንመደብ ተማሪው የሚጠይቀን በጆሮው የሰማውን ነው። ስለዚህ መምህሮቻችን አሮጌ ስፒከርና ሽቦ ክፍል ያስገቡልን እንላለን። ንድፈ ሐሳብ ያለ ተግባር ምን ይረባል!

ከፊዚክስ ዕጩ መምህራን