መሬት ጠባቂ ይሻል

በአገራችን ስለ መሬት የሚከራከሩ ሰዎች በሁለት ወገን ተሰልፈው ይታያሉ። አንደኛው ወገን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይኑር ይላል። ሁለተኛው ወገን መሬት ለግለሰብ ተሰጥቶ ይሸጥ ይለወጥ ይላል። ክርክሩ አምሳ ዓመት አልፎታል፤ ከሁለቱም ወገን ፈቀቅ ያለ የለም። እኔ ግን ዕድሜዬን በጥቁር ሰሌዳ ፊት የጨረስሁ ጡረተኛ መምህር እንደ መሆኔ፥ ተማሪ ጥያቄውን ሳይረዳ ለመልስ ሲቸኩል ምን እንደሚያገኝ ዐውቃለሁ። ሁለቱም ወገኖች «መሬት የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «መሬቱን የሚጠብቀው ማን ነው? የጠበቀውስ ሰው ከድካሙ ምን ያገኛል?» የሚል ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፥ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ይሄዳል፤ ድኻውም እንደ ደኸየ ይኖራል።

አስቀድሜ መሬት ይሸጥ ለሚሉት ልመልስ። እነዚህ ሰዎች «ሰው የገዛ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ የሌላውን ግን አይጠብቅም» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ይህን መድኃኒት አገራችን ከዚህ ቀደም ቀምሳዋለች። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በደቡብና በሌሎችም ብዙ የአገራችን ክፍሎች መሬቱ የባለርስት፥ ድካሙ ግን የጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው ካመረተው ላይ ሢሶውን፥ አንዳንድ ቦታም እኩሌታውን ያስረክብ ነበር። ዛፍ ቢተክል፥ እርከን ቢሠራ፥ ውጣ በተባለ ዕለት ልፋቱ ለጌታው ይቀራል፤ ስለዚህ አይተክልም፥ አይሠራም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የግብርና ልማት ሥራ ተጀመረ። ዓላማው ድኻውን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ዳሩ ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን ትርፋማ ባደረጉት ጊዜ፥ ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። እርዳታው የመጣለት ሰው በእርዳታው ምክንያት ከቤቱ ወጣ።

ዛሬም መሬት ለገበያ ቢቀርብ ገዢው ማን ይሆናል? በድርቅ ዓመት ሁለቱን በሬዎቹን የሸጠ ገበሬ ነውን? አይደለም። እርሱ ሻጭ ነው፤ የሚሸጠውም በሬዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። ልጁ ሲታመም፥ ዝናቡ ሲቀር፥ ገዢው ባቀረበለት ዋጋ ይሸጣል። የገዛውም ባለጠጋ ከተማ ተቀምጦ ለዓመት ያከራየዋል፤ ለዓመት የተከራየ ሰው ደግሞ ለዓመት ያህል ብቻ ያስባል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ባለቤት ተገኘ እንጂ ጠባቂ አልተገኘም።

አሁን ደግሞ መንግሥት ከያዘው ይበቃል ወደሚሉት እመለሳለሁ። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የናቡቴን ታሪክ አስተምረውኛል። ንጉሡ አክዓብ በመጀመሪያ ለወይኑ ቦታ ዋጋ አቀረበ፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ባለው ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ማኅተም ተጽፎ፥ ዳኛ ተሰብስቦ፥ ምስክር ቆሞ፥ ርስቱ ተወሰደ። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ ገበያውም ማኅተሙም በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ድኻ ከገበያ ቢያመልጥ ማኅተም ይይዘዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ደነገገ። ይህ ታላቅ ፍትሕ ነበር፤ በሰው ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩ ሰዎች በዚያን ቀን ቀና አሉ። ነገር ግን አዋጁ ባለርስትን ሲሽር ጠባቂንም አብሮ የሻረበት ቦታ አለ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባል የደጋ መስክ ይገኛል። ይህን መስክ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር እስኪደርስ ድረስ መስኩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ የተመረጠው አለቃ ሲፈቅድ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ታዲያ ጉድለት ነበረበት፤ ከሁለቱ አባቶች ያልተወለደ ሰው ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. ሁሉም እኩል ሆነ፤ አለቃውም ደንቡም አብረው ቀሩ። ሁሉም ገብቶ አጨደ፥ ከብት አሰማራ፥ ማገዶ ለቀመ፤ መስኩም ተጎዳ። የኋላ ኋላ ሕዝቡ ራሱ በገበሬ ማኅበራቱ በኩል ሁሉን ያቀፈ ኮሚቴ አቁሞ ደንቡን መለሰ፤ ክልሉም በሕግ ዐወቀለት። ዛሬ ጓሳ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ሆኖ ይታወቃል። ቀድሞ ጥበቃ ነበረ፥ እኩልነት አልነበረም፤ ቀጥሎም እኩልነት መጣ፥ ጥበቃ ጠፋ። ሁለቱ የተገናኙት ሁሉም ድርሻ ባገኘበትና የአካባቢው ሰው ራሱ ደንብ አውጪ በሆነበት ጊዜ ነው።

በምሥራቅ ደግሞ የሐሮማያን ሐይቅ እንመልከት። ውሃው ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ተቀዳ፤ ለሐረር ከተማ መጠጥ ተሳበ፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደ ደለልም ሞላው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሐይቁ ደረቀ። በኋላ ውሃ መልሶ ቢታይበትም ትምህርቱ አይረሳም። ሐይቁ በሕግ የሕዝብ ሀብት ነበር፤ ሕዝብ ሁሉ ቀዳ፥ ማንም አልጠበቀም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ፥ ገበሬም መሬት በነጻ እንዲያገኝና እንዳይነቀል ይደነግጋል። በአንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰው ሁሉ መብት መሆኑን ይናገራል። ቃሉ መልካም ነው። ታዲያ በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ለአንድ የውጭ ኩባንያ በዓመት ለአንድ ሄክታር 20 ብር ሒሳብ በኪራይ ሲሰጥ ይህ ቃል ወዴት ሄዶ ነበር? ሃያ ብር በዚያን ጊዜም የአንድ ዶሮ ዋጋ አይሞላም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ውሉ ሲሰረዝ ለምቶ የተገኘው 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። አይሸጥም የተባለ መሬት ከመሸጥ በረከሰ ዋጋ ሲከራይ፥ «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ለሕዝቡ ምን ጠቀመው?

በከተሞች ዳርቻ የሚሆነውንም እንይ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 455 መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ የሚካሠው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ማባዣውን ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ይህ መሻሻል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ሰው የአባቱ እርሻ በተወሰደበት ወቅት እቤቴ መጥቶ የተናገረኝ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። «ጋሼ፥ የቆጠሩት እኽሉን ነው፤ አፈሩን አልቆጠሩትም» አለኝ። አባቱ ያንን ተዳፋት ድንጋይ እየተሸከመ ሃያ ዓመት ሙሉ ካብ ክቦበታል። ካሣው ገበሬው ለአፈሩ የዋለውን ውለታ አይመዝንም፤ ያው መሬት ግን ከእጁ ከወጣ በኋላ በካሬ ሜትር ተለክቶ በጨረታ ይቀርባል። ዕርሻ ሳለ በኩንታል የተመዘነ መሬት በማግሥቱ በካሬ ሜትር የሚመዘን ከሆነ፥ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ኪስ ገብቷል ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚያ ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። ጎረቤቶቹ ቀያሽ መጣ የሚል ወሬ በሰሙበት ዓመት ካብ መጠገን ተዉ፤ ባሕር ዛፉንም ሳይደርስ ቆርጠው ሸጡት። «ለማን ብለን?» ነው ያሉት። ፍትሕ ሲጓደል አፈርም አብሮ እንደሚሸረሸር የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ሦስተኛ ወገንም አለ። ይኸኛው በከተማ ተቀምጦ «አገሪቱን ያራቆተው ያልተማረው ገበሬ ነው» የሚል ነው። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ሀንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ ሊቅ በአገራችን ባደረገው ጥናት ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ገምቷል። ቍጥሩ ያስፈራል። ነገር ግን ኮንሶን ተመልከቱ። ያልተማረ የሚባለው ገበሬ ድንጋያማውን ተራራ በእርከን አጥሮ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አርሶበታል፤ ዓለምም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ጽፎለታል። የኮንሶ ሰው ካቡን የካበው ልጁ እንደሚወርሰው ስላወቀ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፥ ከዚያም በሌሎች ክልሎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው ሲሰጥ፥ በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት ደብተር ያገኙ ገበሬዎች አፈራቸውን ለመጠበቅ የበለጠ እንደ ደከሙ አሳይቷል። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት ነው ወይስ እምነት? በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የሚለው ገበሬ፥ ርስቱ ነገ በእጁ እንደሚቆይ ካወቀ ማንም ሳይመክረው ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቅፎ ዝም ማለት የመምህር ወግ አይደለምና አሳቤን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ለሕዝብ ጥቅም መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ ከእኽሉ ዋጋ በላይ፥ መሬቱ በኋላ ከሚያወጣው ዋጋ ድርሻ ይሰጠው። ካቡ፥ ምንጩ፥ ያዳበረው አፈር ይቈጠርለት።

ሁለተኛ፥ የወል የሆነው ደን፥ ግጦሽና ውሃ በስም ታውቆ ለአካባቢው ሰው በጽሑፍ ይሰጥ። ደንብ ማውጣትና አጥፊን መቅጣት ይፈቀድለት። በደንቡም ውስጥ ሴቱም፥ መሬት የሌለው ወጣትም፥ መጤውም ድርሻ ይኑራቸው፤ ያለዚያ የጓሳ የቀድሞ ጉድለት ይደገማል።

ሦስተኛ፥ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስ፥ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ያለ እርከን ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ከልክሎ ነበር። ገበሬ መሬቱን ቢያጎድል በሕግ ይጠየቃል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለባለ ብዙ ሺህ ሄክታሩ ኢንቬስተርና መንገድ ቆርጦ ድንጋይ አውጥቶ ጉድጓዱን ሳይደፍን ለሚሄደው ሥራ ተቋራጭም በእኩል ይጥበቅ። ለድኻ ብቻ የሚሠራ ሕግ ሕግ አይባልም።

አራተኛው ለመንግሥት የሚነገር አይደለም፤ ለአንባቢው ነው። በከተማ ዳር ቦታ ለመግዛት ወይም በማኅበር ቤት ለመሥራት የምትመዘገብ ወገኔ፥ ስለ ካርታውና ስለ ዋጋው እንደምትጠይቅ ሁሉ ስለ ቦታውም ጠይቅ። ከአንተ በፊት ማን ያርሰው ነበር? ምን ተከፈለው? አሁንስ የት ወደቀ? መልሱን ሰምተህ ውሉን ለመፈረም ብዕር ያነሣህ እንደ ሆነ፥ ያ ገበሬ በአጠገብህ ቆሞ እያየህ ሳለ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ መፈረም መቻልህን ልብህን መርምር። የማትችል ከሆነ የሚያስፈልግህ ሌላ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሕግ ነው፤ ያንን ሕግ ደግሞ ከገበሬው ጋር አብረህ ቆመህ መጠየቅ ግዴታህ ነው።