ጤነኛን በቁጥር ማሳመም

«ሲኢኤ 6.2» ትላለች ወረቀቷ፤ ከቁጥሩ ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ሰውየው ላብራቶሪው ሲገባ ጤነኛ ነበር፤ ሲወጣ የካንሰር ተጠርጣሪ ሆኗል። ይህ ንግድ ያንገበግበኛል።

«ሙሉ ቼክ አፕ» በሚሉት ጥቅል ውስጥ፣ ከስኳርና ከኮሌስትሮል ቀጥሎ፣ የካንሰር ጠቋሚ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ተሰግስገዋል፦ ሲኢኤ ለአንጀት፣ ሲኤ 19-9 ለቆሽት፣ ኤኤፍፒ ለጉበት። ምንም ላላመመው ሰው «ካንሰርን ገና በጅምሩ ይይዛል» ተብሎ ይሸጣል። አይይዝም። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ፤ ካላወቁ ደግሞ የባሰ ነው።

ሲኢኤን እ.ኤ.አ. በ1965 ሞንትሪያል ውስጥ ያገኙት ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን ናቸው። መጀመሪያ ላይ የአንጀት ካንሰርን ለይቶ የሚያሳብቅ መስሎ ብዙ ተጨፍሮለታል። ጭፈራው አልዘለቀም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲኢኤው ከፍ ይላል፤ ጉበቱ የታመመ፣ አንጀቱ የቆሰለም እንዲሁ። ጀማሪ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ንቅንቅ አያደርገውም። ዋና ሥራው ሌላ ነው፦ ካንሰሩ ታውቆ በቀዶ ሕክምና የወጣለትን ሰው፣ በሽታው እንዳያገረሽበት መከታተል። እዚያ ላይ ምንም አይወጣለትም። ሲኤ 19-9ም የሐሞት ጠጠር ቱቦ ሲዘጋ ሽቅብ ይተኮሳል። በተፈጥሯቸው ጨርሶ የማያመርቱት ሰዎችም አሉ፤ ቆሽታቸውን ካንሰር ቢበላው እንኳ ወረቀታቸው ንጹሕ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ማን ነግሯት! ልጇ ከአሜሪካ ብር ላከላት፣ ተመረመረች፣ «እማማ፣ የካንሰሩ ትንሽ ከፍ ብሏል» ተባለች። ሲቲ ስካን፣ ኢንዶስኮፒ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ስዕለት። የተገኘው የሐሞት ጠጠር ነው። «እንኳን ካንሰር አልሆነ» ብላ አመስግና ከፈለች። እኔን ያናደደኝ ምስጋናዋ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ10,000 ጤነኛ መሳይ ሰዎች 30ዎቹ የተደበቀ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው 20ዎቹን ቢያገኝ፣ ከቀሩት ውስጥ ደግሞ 5 በመቶውን ብቻ በሐሰት ቢከስ፣ ወደ 500 ሰው በከንቱ ይደነግጣል። አሥሩ ሕሙማን «ነፃ ናችሁ» ተብለው ይሸኛሉ። እነዚህ አሥሩ ነገ ሰገራቸው ላይ ደም ቢያዩ እንኳ ሐኪም ዘንድ አይሄዱም፤ ወረቀት አላቸዋ!

«ኤኤፍፒስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው የጉበት ካንሰር ስጋቱ እውነተኛ ነው። ግን ቻይና ውስጥ ቺዶንግ በተባለ ቦታ የሆነውን ስሙ። ቫይረሱ ያለባቸው ከ5,500 የሚበልጡ ወንዶች በሁለት ወገን ተመደቡ፤ አንደኛው ወገን በየስድስት ወሩ ኤኤፍፒ ተመረመረ። ካንሰሩ ቀድሞ ተገኘ። ሞት ግን አልቀነሰም፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ለዚህም ነው ዛሬ ስጋቱ ከፍ ያለ ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይታይ የሚባለው፤ ኤኤፍፒ ቢጨመር አጋዥ ነው።

አገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው ብዙዎቻችን ቫይረሱ ይኑርብን አይኑርብን አናውቅም። ቫይረሱን በአንድ ጠብታ ደም የሚለይ መመርመሪያ አለ። እሱን ለማስተዋወቅ ባነር የሚሰቅል የለም፤ አትራፊ አይደለማ።

እናንተ የጥቅሉ ባለቤቶች፣ ሐቀኛ ከሆናችሁ ከዋጋው ዝርዝር ሥር ይህችን ጨምሩ፦ «ይህ ምርመራ ጤነኛ ሰው ካንሰር እንደሌለበት አያረጋግጥም።» ከዚያ ስንት ጥቅል እንደምትሸጡ እናያለን።