«ይረፉ» ማለት ሁልጊዜ ደግነት አይደለም

ዛሬ ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

የገበሬ ማኅበራችን አባላት እርከን ለመሥራት ወጥተው ነበር። እኔም አብሬ ወጣሁ። አንድ አባት አካፋቸውን ተሸክመው መጡ። ዕድሜያቸው ከ70 ያልፋል። መሬቱን ለልጆቻቸው ለቀዋል። ባለቤታቸውም ሞተውባቸዋል። እኔ ያዘንኩላቸው መስሎኝ «አባባ፣ ለእርስዎ ይከብድዎታል። ቤትዎ ገብተው ይረፉ» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። አካፋቸውን ይዘው ተመለሱ።

ማታ ወደ ትምህርት ጣቢያው ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። «እንዴት ዋሉ አባባ?» አልኳቸው። «ምን እውላለሁ ልጄ፤ እንደ አሮጌ ሞፈር ጥግ ይዤ ዋልኩ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይደክማል። ያየውና የተማረው ግን አብሮት አለ። «ለማንም አልጠቅምም» ብሎ መዋል ከወገብ ሕመም ይብሳል።

ዚምባብዌ በምትባል የአፍሪካ አገር የሆነውን ስሙ። እዚያ በሐሳብና በጭንቀት የሚታመመው ሰው ብዙ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 አንድ ሥራ ጀመረ። በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 በጎ ፈቃደኛ አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የጨነቀው ሰው መጥቶ ችግሩን ይነግራቸዋል። አያቶቹ ያዳምጡታል። ከዚያ አብረው መላ ይፈልጋሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ጥናት ወጣ። በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች በተለመደው ሕክምና ብቻ ከታዩት የበለጠ ተሽሏቸው ተገኙ።

እዚህ ምን አዲስ ነገር አለ? እኛም አገር የተጣላ የሚታረቀው በሽማግሌ አይደለም እንዴ?

እኔም ሄጄ አባባን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስንጫወት አንድ ነገር ሰማሁ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥረዋል! «እንግዲያው ያግዙኝ» አልኳቸው። ሳቁ። በማግስቱ ከሁሉ ቀድመው ጣቢያው ደረሱ።

አሁን ፊደሉ ከከበዳቸው ተማሪዎች ጎን ይቀመጣሉ። እኔ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው አይቸኩሉም። «እኔም ‹ሀ› እና ‹ሐ› አምታተውኝ ነበር» ሲሏቸው ተማሪዎቹ ይበረታሉ። አንዲት እናት ትምህርቱን ልትተው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የማዳበሪያ ደረሰኟን ራሷ አነበበች። አባባ ከእሷ ይልቅ ተደሰቱ። ደጃፋቸው ላይ ተክዘው ካየኋቸው ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሆይ፣ አረጋውያንን ሥራ ጠይቋቸው። ነገር ግን አታስገድዷቸው። በፈቃድ ያልሆነ ሥራ ደስታ የለውም። ሥራውም ለጉልበታቸው የሚስማማ ይሁን። ችግኝ መጠበቅ፣ የምንጭ ውኃ ተራ ማስያዝ፣ እናቶች ሲማሩ ሕፃናትን መያዝ ይችላሉ። ልጆችም «እየሠሩ ነው» ብላችሁ መጦሩን እንዳትተዉ።

እናንተም አባቶችና እናቶች፣ «ጊዜዬ አልፏል» አትበሉ። አንድ ፊደል የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ፊደል ለሌላው ያካፍላል። ትምህርት ጣቢያችን ማታ ማታ ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ ቦታ አለ።