የካንሳስ ሒሳብ

ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። «መንግሥት ለኪነ ጥበብ የሚያወጣው ገንዘብ ብክነት ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ግን የምሟገተው በቆጣሪነቴ ነው። ገጣሚውንማ ማን ይሰማዋል!

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት አገረ ገዥ ሳም ብራውንባክ ለግዛቲቱ የኪነ ጥበብ ኮሚሽን የተመደበውን 689 ሺህ ዶላር ያህል በጀት ሰረዙ። የፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ደግሞ የሚገኘው ግዛቲቱ የበኩሏን ስታዋጣ ነበርና ከውጭ ይመጣላት የነበረው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል አብሮ ቀረ። አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ላለማውጣት ሁለት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን መተው በየትኛው መዝገብ ነው ቁጠባ የሚባለው?

«የግል ለጋሾች ይተኩታል» ተባለ። ለጋስ ስሙ በትልቅ ሙዚየም ግድግዳ ላይ እንዲቀረጽለት ይሻ ይሆናል፤ በስንዴ ማሳ መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ለልጆች ሙዚቃ የምታስተምር መምህርት ደጅ ግን የትኛው ባለጸጋ ይቆማል? ይህን ሳስብ እንኳን ገጣሚው ቆጣሪውም ይንገበገባል።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ካንሳስ በንግድ መሥሪያ ቤቷ ሥር ሌላ የኪነ ጥበብ ኮሚሽን አቋቋመች፤ ገንዘብም መደበችለት።